ለነርሲንግ ትምህርት ከሜሪላንድ ውጭ ማመልከት ያዋጣል ወይ?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ አባት ሴት ልጃቸው በዚህ ዓመት 12ኛ ክፍል እንደምትጨርስ፣ ነርሲንግ መማር እንደምትፈልግና ውጤቷም 3.7 እንደሆነ ይገልጻሉ። እርሳቸው ኡበር ይነዳሉ፤ ባለቤታቸው በአረጋውያን መንከባከቢያ ይሠራሉ፤ ከልጅቷ በታች አንድ ወንድ ልጅም አለ። የልጅቷ ልብ ያረፈው በጎረቤት ስቴት ባለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ላይ ሲሆን፣ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 58 ሺህ ዶላር ነው። «እዚሁ ብቻ አመልክቺ ልበላት ወይስ ውጭም ትሞክር? እህቴ አሌክሳንድሪያ ስለምትኖር በእሷ አድራሻ የቨርጂኒያ ነዋሪ ተብላ ብትገባስ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የኮሌጅ አማካሪ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ከሐበሻ ወላጆች ሳልሰማ ያለፈ መኸር ስለሌለ፣ መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። ከስቴት ውጭም ታመልክት። ነገር ግን አንድም ማመልከቻ ከመላኩ በፊት እርስዎና ባለቤትዎ በዓመት ከኪሳችሁ ስንት ዶላር ማውጣት እንደምትችሉ በቁርጥ ቁጥር ወስናችሁ ለልጃችሁ ንገሯት። የእህትዎን አድራሻ ግን ይርሱት።

ብዙ ወላጆች በመኸር ወራት የሚወስኑት ልጃቸው የት እንደምትማር ይመስላቸዋል። በመኸር የሚወሰነው በጸደይ የየትኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ትክክለኛ ዋጋ እቤታችሁ እንደሚደርስ ብቻ ነው። ያላመለከተችበት ዩኒቨርሲቲ ምን ያህል ሊረዳት እንደነበረ ማወቂያ መንገድ የለም። የማመልከቻ ክፍያው በአብዛኛው ከ100 ዶላር በታች ነው፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦችም የሚቀርበት አሠራር አለ። ስለዚህ ገና ዋጋው ሳይታወቅ «ውጭ ውድ ነው» ብሎ በር መዝጋትም፣ ዋጋው ሳይታወቅ ለልጅ ተስፋ መስጠትም እኩል ስሕተት ናቸው። ከሁለቱ ይበልጥ ቤት የሚያፈርሰው ግን ሁለተኛው ነው፤ በኤፕሪል የቅበላ ደብዳቤ ይዛ እያለቀሰች ያለች የ18 ዓመት ልጅ ፊት ቆሞ «አንችልም» ማለት በሴፕቴምበር ከማለት እጅግ ይከብዳልና።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለስቴቱ ነዋሪ የሚረክሰው ከነዋሪው ታክስ በየዓመቱ ስለሚደጎም ነው። ለምሳሌ በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ የአንድ ዓመት የትምህርትና ተያያዥ ክፍያ ለሜሪላንድ ነዋሪ ወደ 12 ሺህ ዶላር ሲጠጋ፣ ከሌላ ስቴት ለመጣ ተማሪ ከ40 ሺህ ያልፋል። የዶርምና የምግብ ዋጋ ለሁለቱም አንድ ነው። እንግዲህ ከቨርጂኒያ የመጣችና ከሲልቨር ስፕሪንግ የሄደች ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የቨርጂኒያዋ በአራት ዓመት ከ110 ሺህ ዶላር በላይ አስበልጣ ትከፍላለች ማለት ነው። የእርስዎም ልጅ ድንበር ስትሻገር በዚያኛው ስቴት የምትቆጠረው እንደዚህች የቨርጂኒያ ልጅ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የተለጠፈው ዋጋ ነው። ሱቅ ገብቶ የተለጠፈውን ዋጋ አይቶ መውጣት የለመድነው ስላልሆነ እዚህም አይሁን። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ የተጣራውን ዋጋ የሚገምት ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር በድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጥ በሕግ ተገድዷል። ከባለቤትዎና ከልጅዎ ጋር አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ፣ ያለፈውን ዓመት የታክስ ወረቀት አውጥታችሁ፣ ልታመለክትባቸው ያሰበቻቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በሙሉ በዚህ አሳልፏቸው። እርስዎ ኡበር ስለሚነዱ አንድ ነገር ልጨምር፦ ገቢ ተብሎ የሚሞላው ኡበር በዓመቱ የከፈለዎ ጠቅላላ ገንዘብ አይደለም፤ የቤንዚንና የጥገና ወጪው ወይም በምትኩ በማይል የሚሰላው ወጪ ተቀንሶ፣ በግል ሥራ የታክስ ቅጹ በስኬጁል ሲ ላይ የቀረው ነው። ጠቅላላውን ሞልተው «ምንም አይደርሰንም» ብለው ተስፋ የቆረጡ ሾፌሮች ገጥመውኛል።

ድጋፉ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ የስቴት ውስጥና የስቴት ውጭ ጥያቄን ግማሽ ይፈታዋል። የፌዴራሉ ገንዘብ ከልጅቷ ጋር ይጓዛል፤ ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ከተሞላ በኋላ የሚገኘው፣ የማይመለሰው ፔል ግራንት፣ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ቢበዛ 7,395 ዶላር፣ ሜሪላንድም ብትማር ኦሃዮ ሕጉ አንድ ነው። የስቴቱ ገንዘብ ግን ድንበር ላይ ይቀራል። የሜሪላንድ የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች የሚሰጠው የሃዋርድ ሮውሊንግስ ድጋፍ እዚያው ሜሪላንድ ለሚማሩ ነው። የስቴቱ ሴናተሮችና ዴሊጌቶች በየወረዳቸው ላሉ ተማሪዎች የሚሰጡት ስኮላርሺፕም በመሠረቱ እንደዚያው ሲሆን፣ ይህን ሁለተኛውን ስንት ሐበሻ ቤተሰብ ሳይጠይቅ እንደሚያልፈው ስመለከት ይቆጨኛል። ፋፍሳውን እስከ ማርች 1 አለማስገባት እነዚህን ገንዘቦች ሊያሳጣ ይችላል።

ሦስተኛው ምንጭ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ተማሪ የሚሰጡት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የቤተሰቡን ችግር ሳይሆን የተማሪውን ውጤት ተመልክተው ነው፤ የውጭ ተማሪ የሚፈልጉት ሙሉውን እንዲከፍል ስለሆነም መጠኑ በአብዛኛው ክፍተቱን አይሞላም። ለየት ያሉም አሉ። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያና በቻፕል ሂል ያለው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የተቀበሉትን የሌላ ስቴት ተማሪ የተረጋገጠ የገንዘብ ችግር በሙሉ ለመሸፈን ቃል የገቡ ናቸው። የሚከብደው መግባቱ ነው፤ ቻፕል ሂል ከአዲስ ገቢዎቹ መካከል የሌላ ስቴት ልጆች ከ18 በመቶ እንዳይበልጡ የሚያግድ ደንብ ነበረበት፤ የቨርጂኒያውም ከመቀመጫው ሁለት ሦስተኛውን ገደማ ለቨርጂኒያውያን ይተዋል። አላባማ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ደግሞ በውጤትና በፈተና ነጥብ ላይ የተመሠረተ ስኮላርሺፕ ለሌላ ስቴት ልጆች በሰፊው ስለሚሰጡ፣ ኤስኤቲዋ ከፍ ያለ ከሆነ ከታወቁት የጎረቤት ስም ይልቅ እነሱ ሊረክሱ ይችላሉ።

አሁን ወደ 58 ሺው ዶላር እንመለስ። ያ ዩኒቨርሲቲ በዓመት 15 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ ሰጣት እንበል፤ ይህ ደስ የሚያሰኝ ደብዳቤ ነው፤ ቤቱ እልል ይላል። 43 ሺህ ይቀራል። ልጅዎ በራሷ ስም ልትበደር የምትችለው የፌዴራል ብድር በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው፤ በአራት ዓመት 27 ሺህ መሆኑ ነው። የቀረው በእናንተ ላይ ይወድቃል። ከዚህ በፊት ወላጆች ፓረንት ፕላስ በሚባለው የፌዴራል ብድር ክፍተቱን በሙሉ መሸፈን ይችሉ ነበር። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደሩ ወላጆች ይህን ብድር በዓመት 20 ሺህ፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላው 65 ሺህ ዶላር ላይ ገድቦታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ልጅዎም እናንተም ጣሪያውን ተበድራችሁ እንኳ 17,500 ዶላር በጥሬው ማምጣት ይጠበቅባችኋል። በአራተኛው ዓመት የወላጅ ብድሩ 5 ሺህ ብቻ ስለሚቀረው 30,500 ዶላር ይጎድላል። ዋጋው በየዓመቱ እንደማይጨምር አድርጌ ማስላቴን ልብ ይበሉ፤ ስኮላርሺፑ ባለበት ሲቆም ክፍያው ግን ይጨምራል። ድምሩ 92 ሺህ ዕዳና 80 ሺህ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ታናሽ ወንድሟም ወረፋውን ይጠብቃል።

እዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። አንዲት እናት የልጃቸውን የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው መጥተው «ሙሉ ተከፍሎላታል» አሉኝ። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን እያንዳንዱን መስመር በእርሳስ እየነካን ስንወርድ፣ «ሽልማት» ከሚለው ርዕስ ሥር ከተደረደሩት ቁጥሮች ትልቁ በእርሳቸው ስም ሊወሰድ የቀረበ የወላጅ ብድር ሆኖ አገኘነው። እናትየው ቡናቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ደብዳቤ ሲመጣ መቀነስ ያለበት ስኮላርሺፕና ግራንት ብቻ ነው፤ ብድርም፣ ገና ተሠርቶ የሚገኘው የዎርክ ስተዲ ደመወዝም ዋጋ ቅናሽ አይደሉም።

ይህ ሁሉ ለማንኛውም ትምህርት ይሠራል። በነርሲንግ ላይ ግን ሚዛኑን የሚያዛባ ሌላ ነገር አለ፤ ከልጅዎ ጋር መነጋገር የሚገባዎትም በዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የኮሌጁ ስም ያለውን ዋጋ እንይ። ነርስ የሚያደርጋት ኤንክሌክስ የሚባለው የፈቃድ ፈተና በመላው አገሪቱ አንድ ዓይነት ነው። ሆስፒታል ሲቀጥራት የሚጠይቃት ፈቃዷን፣ የባችለር ዲግሪ መያዟንና ልምዷን ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሁለቱም የነርሶች ፈቃድ ስምምነት አባል ስለሆኑ፣ ሜሪላንድ እየኖረች በአንድ ፈቃድ በሁለቱም ስቴት ልትሠራ ትችላለች፤ ዋሽንግተን ዲሲ ግን በዚህ ውስጥ የለችበትም። ስለዚህ ትምህርት ክፍሉ ሲሲኤንኢ ወይም ኤሲኢኤን ከሚባሉት የነርሲንግ ትምህርት ዕውቅና ሰጪዎች ዕውቅና ያለው መሆኑንና ተመራቂዎቹ ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ የሚያልፉበትን መቶኛ ማየት በየመጽሔቱ ላይ የሚወጣውን ደረጃ ከማየት ይበልጣል። መቶኛውን የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ያወጣዋል።

በሁለተኛ ደረጃ በሩን እንይ። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዋን ከሃይስኩል በቀጥታ ነርሲንግ ውስጥ ያስገባታል። ሌላው ግን ሁለት ዓመት አናቶሚ፣ ኬሚስትሪና የመሳሰለውን ካስተማራት በኋላ እንደገና እንድትወዳደር ያደርጋታል፤ ሳታልፍ ብትቀር ሌላ ትምህርት ትይዛለች ወይም ሌላ ኮሌጅ ትፈልጋለች። በእኛ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኮሌጅ ፓርክ የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ የለውም። ነርሲንግ ያለው ባልቲሞር ባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የባችለር ተማሪዎቹን የሚቀበለው ቅድመ ሁኔታ የሆኑትን ኮርሶች ሌላ ቦታ ከጨረሱ በኋላ ነው። ጆንስ ሆፕኪንስም ስሙ በሕክምና ይግነን እንጂ ከሃይስኩል ለሚመጣ ልጅ የሚሆን የነርሲንግ ባችለር አይሰጥም። ታውሰን፣ ቦዊ ስቴት፣ ኮፒን ስቴትና ሳልስበሪ ነርሲንግ አላቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ስልክ ደውላችሁ «ከሃይስኩል በቀጥታ ትገባለች ወይስ በኋላ ትወዳደራለች? ከሚወዳደሩት ስንቱ ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ልጅዎ ራሷ ብትጠይቀው ይሻላል።

እንግዲህ ልጅዎ የወደደችው የጎረቤት ስቴት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚያስገባ ከሆነ፣ የልጅነት ምኞት ብለው አይናቁት፤ እውነተኛ ጥቅም ይዛ ነው የምትከራከረው። እኔም ለዚህ ጥቅም በዓመት ጥቂት ሺህ ዶላር ጨምሮ መክፈል ያዋጣል ባይ ነኝ። 30 ሺህ ግን አያዋጣም። በቀጥታ የገባችም ቢሆን ነጥቧ ከተወሰነው በታች ከወረደ መቀመጫዋንም፣ ስኮላርሺፗንም በአንድ ጊዜ ልታጣ ስለምትችል፣ ዋስትናው የሚመስለውን ያህል ጥብቅ አይደለም።

ከእርስዎ ቤት ሆኖ ሲታይ ደግሞ ሌሎች ስቴቶች ያሉ ወላጆች የሚመኙት መንገድ አለ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በሰፈራችሁ ባለው ታኮማ ፓርክ–ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ የራሱ የነርሲንግ ፕሮግራም አለው፤ አሶሼት በሚባለው የሁለት ዓመት ዲግሪ ኤንክሌክስን ወስዳ ነርስ ሆና እየሠራች ባችለሯን መጨረስ ትችላለች። ቅድመ ሁኔታዎቹን ብቻ እዚያ ጨርሳም ወደ ባልቲሞሩ ዩኒቨርሲቲ ልትወዳደር ትችላለች፤ ያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ይህንኑ ዲግሪ ሮክቪል ባለው የሼዲ ግሮቭ ማዕከል ስለሚያስተምር ባልቲሞር ድረስ መመላለስ ላያስፈልጋት ይችላል። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» ሲባል ፊታቸው የሚጠቁር ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ «ልጄ እንትን ዩኒቨርሲቲ ገባች» የሚባለው ነገር እንደሚከብድም አይጠፋኝም። በሽተኛው ግን የነርሷን ዲፕሎማ አገላብጦ አያይም።

የእህትዎ አድራሻ ለምን እንደማይሠራ ላስረዳ። የነዋሪነት ሕግ የሚመለከተው ልጅቷ የምታድርበትን ቤት ሳይሆን የሚያስተዳድሯትን ወላጆች ቋሚ መኖሪያ ነው። በቨርጂኒያ በወላጆቿ ሥር ያለች ተማሪ መኖሪያዋ የወላጆቿ መኖሪያ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ወላጅም ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ሙሉ አንድ ዓመት በቋሚነት እዚያ መኖር አለበት። ቅጹ ላይ የሚጠየቀው የመንጃ ፈቃድዎ የየት እንደሆነ፣ መኪናዎ የት እንደተመዘገበ፣ የስቴት ታክስ ለማን እንደከፈሉ ነው። ሦስቱም «ሜሪላንድ» ብለው ይመሰክሩብዎታል። ሐሰት ተሞልቶ ቢገኝ ልዩነቱ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይጠየቃል፤ ልጅዎም ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ሥርዓት ክስ ጋር ትጋፈጣለች። «አንድ ዓመት ውጭ ሆና ትክፈል፣ ከዚያ ነዋሪ ትሆናለች» የሚለው ምክርም እንደዚያው ነው፤ ለትምህርት ብላ የሄደች ልጅ በመማሯ ብቻ በአብዛኞቹ ስቴቶች ነዋሪ አትሆንም። በዚህ አጋጣሚ በቅርቡ በዲቪ የመጡ ቤተሰቦችም ይህን ይወቁ፦ ግሪን ካርድ ፋፍሳ ለመሙላት ወዲያው ያስችላል፤ የሜሪላንድ ነዋሪ ዋጋ ግን በተለምዶ ተከታታይ 12 ወር ይጠይቃል፤ ስለዚህ የገቡበትን ቀን የሚያሳይ የቤት ኪራይ ውልና የታክስ ወረቀት በጥንቃቄ ይቀመጥ።

ሕጋዊ የሆኑ የቅናሽ መንገዶችም አሉ። የደቡብ ስቴቶች አካዳሚክ ኮመን ማርኬት በሚባለው ስምምነት አንድ ሜሪላንዳዊ በስቴቱ የማይሰጥ ትምህርት ለመማር ሌላ አባል ስቴት ሄዶ የነዋሪ ዋጋ ሊከፍል ይችላል፤ ነርሲንግ እዚህ ስለሚሰጥ ለልጅዎ አይጠቅምም እንጂ ታናሽየው ያልተለመደ ትምህርት ከመረጠ ያስታውሱት። በምዕራብ ስቴቶች፣ ማለትም በሲያትል፣ በዴንቨርና በላስ ቬጋስ ያሉ ወገኖቻችን ደብሊውዩኢ በሚባለው ፕሮግራም፣ ተሳታፊ በሆኑ ኮሌጆች፣ ከነዋሪ ዋጋ ከአንድ ተኩል እጥፍ ሳይበልጥ ይከፍላሉ። የዲሲ ነዋሪዎች ደግሞ በ1999 በወጣ ሕግ ልዩነቱን የሚያቃልል ዓመታዊ ድጋፍ አላቸው። ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በግል ዩኒቨርሲቲ ዘንድ የስቴት ድንበር የለም፤ ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው። እንደ ጆርጅታውንና በፊላደልፊያ እንዳለው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ነርሲንግ ያላቸውና የተረጋገጠ የቤተሰብ ችግርን በሙሉ የሚሸፍኑ ናቸው። መግባቱ እጅግ ከባድ ቢሆንም፣ የገባች እንደሆነ ከመንግሥቱ ሊረክስ ይችላል፤ አንዱን ትሞክር።

ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቤተሰባችሁ በሜሪላንድ ሜዲኬድ የሚታከም ከሆነ፣ ሌላ ስቴት ላይ ከድንገተኛ ሕመም በቀር ብዙም አይሠራም፤ ዩኒቨርሲቲውም የራሱን ኢንሹራንስ እንድትገዛ ሊያስገድዳት ይችላል። ይህም በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ተጨማሪ ወጪ ሊሆን ይችላል። ሌላው፣ እውነተኛው ሐሳብዎ ገንዘብ ሳይሆን ልጅዎ ከቤት እንዳትርቅ ከሆነ፣ ይህንኑ በግልጽ ይንገሯት። ብዙ አባቶች «ውድ ነው» ብለው ከለከሉ በኋላ ልጅቷ ሙሉ ስኮላርሺፕ ይዛ ስትመጣ የሚናገሩት ጠፍቷቸው አይቻለሁ።

እኔ ብሆን ስድስት ወይም ሰባት ማመልከቻ አስልካት ነበር፦ ነርሲንግ ያላቸው ሦስት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የወደደችው የጎረቤት ስቴቱ፣ በውጤት ብዙ የሚረዳ አንድ የሩቅ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ የግል፤ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ክፍት ነው። ስኮላርሺፕ የሚሰጡት ብዙዎቹ ቀድሞ ላመለከተ ስለሚያደሉ ኖቬምበር 1 እንዳያልፋችሁ። በኤፕሪል ደብዳቤዎቹ ሲጠራቀሙ በየአንዳንዱ ላይ ስኮላርሺፕና ግራንቱን ብቻ ቀንሳችሁ የቀረውን ጎን ለጎን ጻፉት። የጎረቤት ስቴቱ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ካስገባትና ልዩነቱ በዓመት ከ5 ሺህ ዶላር በታች ከሆነ ትሂድ። ከ5 እስከ 10 ሺህ ከሆነ ለዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ቢሮ ደብዳቤ ጽፋችሁ ይጨምርላት እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሜይ 1 በፊት ብዙ ጊዜ መልስ ይሰጣሉ። ከ10 ሺህ ካለፈ እኔ እዚሁ ትማር እላለሁ።